እሁድ ባለተራ የሌለው ቃሬዛ

ወንድሜ ሌታ፣

እንደምን ሰነበትክ? ይህ ደብዳቤ ለአንተ የተጻፈ አይደለም። ነገር ግን ማመልከቻ ስጽፍ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታነበው አንተ ስለሆንክ፣ ዛሬም ሳልለጥፈው በፊት እንድታየው ብዬ ነው። «ጋሮማ፣ ለባለሥልጣን ስትጽፍ ሰላምታው ከላይ ይሁን፤ ንዴትህን ከታች አድርገው» ትለኝ ነበር። ሰላምታውን እንዳልከኝ አስቀድሜዋለሁ። ንዴቱን ግን ከታች ላደርገው ብሞክር ቦታው አልበቃ አለኝ። ስህተት ካገኘህ እንደ ልማድህ በእርሳስ ክብ አድርግበት። አሁን ወደ እሳቸው ልዙር።

ለክቡር ኦቦ ተሬፋ
የቱሉ ጨሬ ቀበሌ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይም ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ባለው ጊዜ ሆድዎን እንዳያምዎ፣ እግርዎ እንዳይሰበር፣ ከቤተሰብዎም ማንንም ምጥ እንዳይዛት አጥብቄ እጸልያለሁ። በእነዚህ ሰዓታት መታመም በኮሚቴዎ መርሐ ግብር ውስጥ ያልተካተተ መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለምና።

እኔ ጋሮማ እባላለሁ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ሲሆን፣ ዘንድሮ በጎጆ ከተማ አሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። የሟቹ የሌታ ታናሽ ወንድም ነኝ፤ እናትና አባታችን ካረፉ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። በዚሁ ጉዳይ በአፋን ኦሮሞ ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ መልስ ስላላገኘሁ፣ ምናልባት ችግሩ የቋንቋ ይሆናል ብዬ ይህን በአማርኛ ጽፌዋለሁ። ቅጂዎቹን በቀበሌው ሰሌዳ፣ በቤተ ክርስቲያናችን በር፣ በትምህርት ቤቱ አጥር፣ እንዲሁም ከአምቦ የሚመጡት መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ሻይ በሚጠጡበት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፌአለሁ። እርስዎ ለማንበብ ጊዜ ባያገኙ እንኳ የሚነግርዎት ሰው አይጠፋም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ከቱሉ ጨሬ እስከ መኪና መንገድ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ በክረምት አምቡላንስ መኪና መንገዱ ላይ ካለው ድልድይ ወዲህ አያልፍም። ወንድሜ አናጺ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጎረቤታችን ታሞ በፈረስ ሲወሰድ ዳገቱ ላይ ወድቆ ካየ በኋላ፣ ከባህር ዛፍና ከሸራ ቃሬዛ ሠራ። ለትከሻ የሚሆን ማንገቻ፣ ተሸካሚዎቹ ሲያርፉም ሸራው ጭቃ እንዳይነካ አራት አጫጭር እግሮች አደረገለት። ከዚያም የሰፈሩን ልጆች ሰበሰበ፤ ጴንጤውም፣ ኦርቶዶክሱም፣ የዋቄፈታ ቤተሰብ ልጅም ነበሩበት። ስምንት ሆነው አራት አራት እየተቀያየሩ በሽተኛ ያወጡ ነበር። ቃሬዛው በቤታችን ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ይቀመጣል፤ ሰው ታመመ ሲባል የቀረበ ሰው አውርዶት ይሮጣል። ያኔ ኮሚቴ አልነበረንም። እንዴት እንደኖርን ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

አንደኛ፤ ከዚህ ሥርዓት አልባ ኑሮ ስላወጡን አመሰግናለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን የወንጌል ስርጭት ክፍል የራሱን የተሸካሚዎች ቡድን ባቋቋመ ጊዜ፣ ትከሻ በዛልን ብለን ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ለወንድሞች በሽተኛ ተሸክሞ ዝም ማለት ከበዳቸው። ጡረታ የወጡት መምህራችን እትዬ ሸዋገነት ዳሌያቸው ተሰብሮ ሲወሰዱ፣ ዳገቱ መሃል ላይ ቃሬዛውን አሳርፈው «እትዬ፣ ዛሬውኑ ጌታን ይቀበሉ» ቢሏቸው፣ «ልጆቼ፣ መጀመሪያ እኔን የሚቀበለኝ ሐኪም ጋ አድርሱኝ፤ ከዚያ በኋላ አልጋዬ ላይ ሆኜ በሰፊው እንወያያለን» ማለታቸውን አገር ሁሉ ያውቃል። ቃሬዛው ሩብ ሰዓት ያህል ዝናብ ላይ ቆሟል። በሌላ በኩል ወንድሜ ከሰበሰባቸው ልጆች የወጡት፣ ማኅበር ያቋቋሙት የበጎ ፈቃድ ወጣቶች «በቃሬዛ ላይ ሃይማኖት የለም» የሚል ደንብ አውጥተው በቲሸርታቸው ጀርባ አሳተሙት። ደንቡን ከማክበራቸው ብዛት፣ ቃሬዛ ላይ የተኛ ልጇን እየተከተለች የምትዘምር እናት «እማማ፣ ይቅርታ፣ በእኛ ተራ መዝሙር አይፈቀድም» ብለው ዝም አሰኟት። አንዱ ወገን ቃሉን የሰሙ ነፍሳት እያለ ሪፖርት ይጽፋል፤ ሌላው ወገን ተጠቃሚዎች እያለ ይጽፋል። የሚያቃስተው ሰው ግን ያው አንድ ሰው ነበር።

ወንድሜን ሁለቱም «አንተ ከማን ወገን ነህ?» ይሉት ነበር። እሁድ በመዘምራን መካከል ይዘምራል፤ በአዘቦት ቀን ከሁለቱም ጋር ይሸከማል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ የኋላ ግራ ነኝ።» ቃሬዛው ላይ የሚይዘውን ቦታ ማለቱ ነበር፤ ዳገት ሲወጣ ክብደቱ የሚበዛው በኋለኞቹ ላይ ነው። ይህ መልስ ለሪፖርት ስለማያመች ሁለቱም አልወደዱለትም።

ኮሚቴዎ አራት ጊዜ ተሰብስቦ ጠቡን በጥበብ ፈታው። ቃሬዛው ከቤታችን ወጥቶ በቀበሌው መጋዘን ተቆለፈበት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለወንጌል ስርጭት ክፍል፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለበጎ ፈቃድ ወጣቶች ተደለደለ። ከዚያ ወዲህ የቱሉ ጨሬ ሕዝብ በየትኛው ቀን ቢታመም በማን እጅ እንደሚወድቅ አስቀድሞ የማወቅ ዕድል አግኝቷል።

ሁለተኛ፤ የእሁድን ክብር ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። የወንጌሉ ቡድን እሁድ አምልኮ ላይ ስለሚውል አይሸከምም ተባለ። ለወጣቶቹ ይሰጥ ሲባል ደግሞ፣ በአምልኮ ሰዓት ቲሸርት ለብሰው በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ማለፋቸው ንቀት ነው ተባለ። ሌታ እጁን አውጥቶ «እሁድስ?» አለ። ቃለ ጉባኤውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ «የእሁድን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ ለማየት ተስማምተናል» ይላል፤ ሁለቱም ወገኖች ፈርመውበታል። በብዙ ነገር የማይስማሙ ሰዎች በዚህ አንድ ነገር መስማማታቸው ልብ ይነካል። እስከዚያው ቁልፉ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት በእርስዎ ኪስ እንዲያድር ተወሰነ። የሚቀጥለው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ወንድሜ እስከሞተበት ቀን ድረስ ሰባት ወር አለፈ።

ሦስተኛ፤ ስላሳዩኝ ትህትና አመሰግናለሁ።

ሐምሌ 14 ቀን እሁድ፣ ወንድሜ ጠዋት ሆዱን ይዞ ተነሣ። ሦስት ሰዓት ሲሆን መቆም አቃተው። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ለንሳ መጥታ ሆዱን ዳሰሰችና «ይሄ የኔ አቅም አይደለም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል» ብላ አምቡላንሱን ጠርታ ድልድዩ ጋ እንዲጠብቅ አደረገች። ጎረቤቶች በጋቢ ሊያነሱት ቢሞክሩም ሆዱ በታጠፈ ቁጥር ይጮህ ነበር። «ቆዩ፣ ቃሬዛውን ይዤ ልምጣ፤ አልዘገይም» ብዬ የሮጥኩት እኔ ነኝ። እነሱም አምነውኝ አስተኙት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደረስኩ። አስተናጋጁ «ስብከት ላይ ነው፤ ጭቃህን ጥረግና ቁም» አለኝ። ጠረግሁና ቆምኩ። እርስዎን ከፊተኛው ረድፍ አየሁዎት። የክፍሌ ልጅ ሴና ከመዘምራን ጋር ነበረችና፣ «ሌታ በጣም ታሟል፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ይስጡኝ» የሚል ወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ሰው ሁሉ እያያት በመሃል አልፋ በእጅዎ አስቀመጠችልዎት። አነበቡት። ሁለት ቦታ አጥፈው መጽሐፍ ቅዱስዎ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝና መዳፍዎን ዝቅ ከፍ አድርገው «ቆይ» አሉኝ። በጣም ጨዋ ምልክት ነበር፤ ፈገግም ብለዋል።

እኔም ቆየሁ። ወንበር ሰጡኝ፤ ተቀመጥኩ። ሰባኪው ከአምቦ የመጣ እንግዳ ስለነበረ ማቋረጥ ነውር ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የስብከቱን ርዕስ እዚህ አልጽፈውም፤ ፈጠርከው ይሉኛልና። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። በመሃል ሴና ሁለት ጊዜ አየችኝ፤ ሁለተኛው ላይ ከንፈሯ «ጩህ» ያለኝ መሰለኝ። አልጮህኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጨዋ ሆኜ አላውቅም። ጎረቤቶቼ ያመኑት እኔን ነበር፤ እኔ ደግሞ ያመንኩት እርስዎን ነው። ለዚህ ለሁለተኛው ብቻ ነው ዛሬ የምጽፍልዎ፤ የመጀመሪያውን ከራሴ ጋር እየተነጋገርኩበት ነው።

ጉባኤው ሲወጣ ጨበጡኝና «ልጄ፣ እሁድ የማንም ተራ አይደለም። ለአንዱ ሰጠሁ ማለት ለሌላው መልስ አጣሁ ማለት ነው። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይፈርምልኝ» አሉኝ። ከወንጌሉ ወገን ኦቦ ኢብሳ አጠገብዎ ስለነበሩ ወዲያው ፈረሙ፤ መልካም ሰው ናቸው፣ ቀኑንም በሚያምር ጽሕፈት ጽፈዋል።

አራተኛ፤ ምስጋናዬ ለእርስዎ ብቻ ቢሆን አድሎ ይሆናልና፣ የበጎ ፈቃድ ወጣቶቹን አስተባባሪ መምህር ሮባንም አመሰግናለሁ። ስደውልለት «ጋሮማ፣ በእውነት አዝናለሁ። ግን እሁድ እንድንነካው አልተፈቀደልንም። ዛሬ ብፈርም ነገ ስምምነቱን እናንተ አፈረሳችሁ ይሉናል። ደግሞ ወጥመድ እንዳይሆን እፈራለሁ» አለኝ። የወንድሜ አንጀት ወጥመድ ሊሆን እንደሚችል እስከዚያች ደቂቃ አስቤ አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ስልክ ፈቃዱን ሰጠ፤ እርስዎም «በስልክ ተስማምቷል» ብለው ከሥሩ ጻፉበት። ቁልፉን ስቀበል አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሮባ ያን ዕለት ማታ በፌስቡክ ገጹ ላይ የሻማ ምስል አውጥቷል። ቆንጆ ሻማ ነው።

ቃሬዛውን ከሴናና ከሁለት የመዘምራን ልጆች ጋር እየሮጥን ወሰድነው። የዝማሬ ልብሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ነበር የሚሮጡት፤ የማን ተራ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ቤታችን ስንደርስ ለንሳ ደጅ ላይ ቆማለች። ቃሬዛውን በአራቱ እግሮቹ ግቢው መሃል አቆምነው። ወንድሜ ካረፈ ሩብ ሰዓት ሆኖት ነበር።

ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ «ቀኑ ደርሶ ነው፣ ልጄ» ብለው አጽናንተውኛል። እውነትዎን ነው። ቀኑማ ደርሶ ነበር፤ እሁድ ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ ቀብሩ አመሰግናለሁ። ሰኞ ስለዋለ በድልድሉ መሠረት የወንጌሉ ቡድን ተራ ነበር፤ ወጣቶቹ ደግሞ መሥራቻችን ነውና እኛ እንሸከመዋለን አሉ። ሬሳ ተጠቅልሎ እያለ ግቢያችን ውስጥ ሲከራከሩ እርስዎ መሃል ገብተው አስታረቁ፤ ከቤት እስከ ወንዙ አንዱ፣ ከወንዙ እስከ መቃብሩ ሌላው እንዲሸከም ወሰኑ። ወንዙ ዳር ርክክብ ሲደረግ ፎቶ ተነሥተዋል። እሁድ አንድ ተሸካሚ ያልተገኘለት ሰው ሰኞ የሚሸከመው ሞልቶ ወረፋ ወጣለት። ከሁለቱም ወገን ከልባቸው ያለቀሱ እንደነበሩ አልክድም፤ ከሁለቱም ወገን በበጋው እርሻችንን ያረሱልን፣ ለቅሶውንም ያልተለዩን አሉ። ሰዎቹን አይደለም የምወቅሰው። ሰዎቹ ብቻቸውን ሲሆኑ ይሮጣሉ። በተራ ሲሰለፉ ነው የሚቆሙት።

ስድስተኛ፤ ይህኛው ምስጋና ለየት ያለ ነው። ኮሚቴዎ ከወንድሜ ሞት በኋላ በአንድ ሳምንት ምልዓተ ጉባኤ አሟልቶ ስለተሰበሰበ ተደስቻለሁ። ስለ እሁድ ሊነጋገር መስሎኝ ነበር። ለካ ቃሬዛው «የሌታ መታሰቢያ» ተብሎ እንዲሰየም፣ ቀለም እንዲቀባ፣ ስሙም በሁለቱም ወገን ምልክት መካከል እንዲጻፍበት ነው የወሰነው። ከአምቦ የሚመጡት የክብር እንግዳ መርቀው እስኪከፍቱት ድረስም እንዳይቧጨር በመጋዘኑ በር ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ተጨመረ። ስለዚህ ድሮ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ባለተራ አልባ የነበረው ቃሬዛ፣ አሁን በወንድሜ ስም ሰባቱንም ቀን አይወጣም። ማክሰኞ ዕለት የአንድ ገበሬ እግር በመጥረቢያ ተቆርጦ በፈረስ ነው የሄደው። ወንድሜ ቃሬዛውን የሠራው ሰው ከፈረስ ሲወድቅ አይቶ መሆኑን ከላይ ጽፌአለሁ፤ ኮሚቴው ግን መታሰቢያ ሲያቆም የሚታሰበውን ሰው መጠየቅ አይችልምና አልፈርድም።

ክቡር ኦቦ ተሬፋ፣

ከምስጋና በኋላ አንዲት ጥያቄ ማቅረብ ድፍረት እንደማይሆንብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ከአጥራችን ማዶ የምትኖረው ድንቅቱ በዚህ ወር ትወልዳለች። ለንሳ ልጁ አቀማመጡ ጥሩ እንዳልሆነና እዚህ ልትወልድ እንደማይገባ ነግራታለች። ባሏ ኦልጅራ ባለፈው ሳምንት አጥሩን ተደግፎ «ጋሮማ፣ እሁድ ቢሆንብንስ?» አለኝ። ወንድሜ በስብሰባችሁ ላይ የጠየቀው ጥያቄ መሆኑን አያውቅም። ምን ብዬ ልመልስለት? በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል ልበለው?

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ምረቃው ይቅር። የወንድሜ ስም ይፋቅ፤ እኔ አልረሳውም። ሁለቱም ቁልፎች ይውለቁና ቃሬዛው እንደ ድሮው ሰው በሚደርስበት ቦታ ይሰቀል። የሚጸልይ እየጸለየ ይሸከም፣ የማይጸልይም ዝም ብሎ ይሸከም፤ በሽተኛው የሚፈልገው ከሆነ ይዘመርለት፣ ካልፈለገ እንዲያርፍ ይተውት። እሁድም እንደ ሌላው ቀን የቀረበ ሰው ይሩጥ። ይህን ለመወሰን ስብሰባ አያስፈልግም። ኪስዎን መፈተሽ ብቻ ይበቃል።

የእርስዎን ዕድሜ ያርዝምልን፤ የኮሚቴዎንም ስብሰባ ያሳጥርልን። ወረቀቴን አጥፈው ከቀድሞው ጋር በዚያው መጽሐፍ ውስጥ እንደሚያኖሩት በመተማመን፣ በወንበር ላይ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መቀመጥን ያስተማሩት፣ ግን ዳግመኛ የማይቀመጥልዎ፣

አክባሪዎ ጋሮማ
የሌታ ወንድም
ነሐሴ 6 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ቱሉ ጨሬ

ግልባጭ፦
ለወንጌል ስርጭት ክፍል፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲያነበው
ለበጎ ፈቃድ ወጣቶች ማኅበር፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እንዲያነበው
ለድንቅቱና ለኦልጅራ፣ በማንኛውም ቀን

ማሳሰቢያ፦ ከባኮ የመጣችው አክስቴ ሃዋኒ ሦስት ሳምንት አብራኝ ቆይታ ቅዳሜ ወደ በቆሎዋ ተመልሳለች። ስለዚህ ትናንት ብቻዬን ያነጋሁበት የመጀመሪያ ጠዋት ነበር፤ እሁድ መሆኑን ልብ ይሏል። ፊቴን ታጥቤ የወንድሜን መዶሻና ካቻቢቴ አወጣሁና የቤታችንን በር ከማጠፊያው ነቀልኩት። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ቃሬዛ ሳይሠራ በፊት በሽተኛ የሚወሰደው በበር ላይ ነበር። ሐምሌ 14 ቀን ግን ይህ ለእኔም ለማንም ትዝ አላለንም፤ ቃሬዛ አለን፣ ኮሚቴ አለን ብለን። በአራቱ ማዕዘን ገመድ አሰርኩበት፤ ከኦልጅራ ጋር ተሸክመን አጥሩን አሻግረን ድንቅቱ ደጅ አስጠጋነው። ተኝታ ሞከረችውና «ይቆረቁራል፤ ግን ይበቃኛል» አለች። የእኔ ቤት አሁን በር የለውም፤ ነሐሴ እዚህ ደጋ ላይ እንዴት እንደሚበርድ ያውቁታል፤ ብርድ ልብስ ሰቅዬበታለሁ። ክቡርነትዎ ለመልስ ሲመጡ ሳያንኳኩ ይግቡ። እሁድም ቢሆን።